«ሊ» እና «ሻንግ»፦ የቻይንኛ የሥፍራ ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ

በእስራኤል፣ ከክርያት ሐይም ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ላይ የተሠራውን አዲስ ወደብ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው አንድ የሻንግሃይ ኩባንያ ነው። የከተማዋ ስም ለዛሬው ጉዳያችን ጥሩ መግቢያ ይሆነናል፤ «ሻንግ» ላይ ነው፣ «ሃይ» ደግሞ ባሕር። ገልብጦ «ሃይ ሻንግ» ያለ ሰው «ባሕር ላይ» ብሏል። እንደ «ሻንግ» ያሉትን ቃላት የቻይና ሰዋስው «ፋንግዌይትስ» ይላቸዋል፤ ሲፈታ የአቅጣጫና የቦታ ቃል ማለት ነው።

በአማርኛ «የሥፍራ ቃል» ብንለው ይበቃል። «መስተዋድድ» የሚለው የትምህርት ቤት ስያሜ አይገጥመውም፤ የቻይንኛ ሊቃውንት እነዚህን ቃላት ከስም ወገን ነው የሚመድቧቸው። የእኛም «ውስጥ» ቢሆን «ውስጤ»፣ «ውስጡን» እየተባለ እንደ ስም ይረባ የለም?

በጣም የተለመደው «ሊ» ነው፤ ውስጥ ማለት። «ዛይ ዉዝ ሊ» ሲሉ «ዛይ» በ፣ «ዉዝ» ክፍል፣ «ሊ» ውስጥ ነው፤ በክፍል ውስጥ። ስሙ ከፊትም ከኋላም ተይዟል፣ ልክ እንደ አማርኛው። ዕብራይስጥ ግን «ባ» ብሎ ቢጀምርም «በቶኽ» ቢልም ሁሉንም ከስሙ ፊት ይደረድራል። ስለዚህ ቻይንኛን በዕብራይስጥ በኩል የሚማር ትውልደ ኢትዮጵያዊ የክርያት ሐይም ወጣት «ሊ» ለምን ኋላ እንደመጣች ግራ ሊገባው ይችላል፤ መልሱ ግን አያቱ ቤት ሲነገር የሰማው አማርኛ ነው።

መመሳሰሉ እዚህ ላይ አያበቃም። ዕብራይስጥ «ባዒቶን» ብሎ ዜናን «በጋዜጣ» ያነባል፤ ቻይንኛ «ባውጅ ሻንግ»፣ እኛም «ጋዜጣ ላይ» እንላለን። ዓለምንም ሁለታችን «ላይ» እንላታለን፤ «ሽጅየ ሻንግ»፣ በዓለም ላይ። ጊዜውም ከቦታ ይወለዳል፦ «ሳን ንየን ችየን» ቃል በቃል «ሦስት ዓመት ፊት» ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት። «ሆው» ደግሞ ኋላ ነውና ወደ «በኋላ» ይሄዳል።

ወጥመዶቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ግን ብዙዎችን ይጥላል። «ሐይፋ ውስጥ እኖራለሁ» የሚለው አማርኛ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ በቻይንኛ ግን የአገርና የከተማ ስም «ሊ»ን አይቀበልም። «ወ ጁ ዛይ ሃይፋ» ብለው ያቆማሉ። በተቃራኒው «ጠረጴዛ» ያለ «ሻንግ» አይሆንም፤ «ዛይ ጅዎዝ» ብቻ ማለት ዐረፍተ ነገሩን ጎዶሎ ያደርገዋል። ሌላው ወጥመድ ሳምንት ነው። «ሻንግ» ያለፈው ሳምንት፣ «ሺያ» (ሥር ወይም ታች) የሚመጣው ነው፤ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይፈሳል ማለት ነው። ለዚህ አማርኛ አይረዳም፣ በቃል መያዝ ነው።

በአብዛኛው ግን ይረዳልና፣ ቻይንኛ የጀመራችሁ የክርያት ሐይም ልጆች፣ አስተማሪያችሁ በዕብራይስጥ ሲያስረዳ እናንተ ደብተራችሁ ላይ የአማርኛውን ትርጉም ጻፉ።