የማሊንዲ ብርቱካን
ከወደብ የሚገዛ ትኩስ ምግብ ለዛሬው የመርከብ መንገደኛ የአፍ መለወጫ ነው፤ ለጥንቱ ባሕረኛ ግን የነፍስ ጉዳይ ነበር።

ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ ከሕንድ ሲመለስ የዐረብ ባሕርን ለማቋረጥ ሦስት ወር ገደማ ፈጀበት። ስንቁ ደረቅ ብስኩት፣ በጨው የታሸ ሥጋና ወይን ጠጅ ነበር። በዚህ ጉዞ ድድ የሚያሳብጠው «ስከርቪ» የተባለ በሽታ 30 ሰዎችን ገደለ፤ በየመርከቡ ለሥራ የበቁት ሰባት ወይም ስምንት ብቻ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1499 በዛሬዋ ኬንያ ከምትገኘው ማሊንዲ እንደ ደረሱ፣ ዳ ጋማ ሕሙማኑ አጥብቀው የተመኙትን ብርቱካን ለማስመጣት ሰው ወደ ከተማዪቱ ላከ። ብርቱካኑ በማግስቱ መጣ፤ በንጉሡ ትእዛዝም የከተማዪቱ ሰዎች ዶሮና እንቁላል ይዘው መርከብ ላይ ወጡ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሕሙማን ከዚያው ሳይነሡ ሞቱ። የተረፉት ሦስቱን መርከቦች ለመንዳት ስላልበቁ አንደኛዋን በእሳት አቃጠሏት።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሊንድ ብርቱካንና ሎሚ በሽታውን እንደሚፈውሱ በሙከራ ያሳየው በ1747 ነው። የማሊንዲ ሕሙማን ምኞት 248 ዓመት ቀድሞት ነበር። «ብርቱካን» የሚለው የአማርኛ ቃል በዐረብኛ በኩል ከፖርቱጋል ስም የመጣ ነው፤ ፖርቱጋሎቹ ግን በጭንቃቸው ቀን ፍሬውን የፈለጉት ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነበር።