ስለ ቅዱስ ጽዋ ክብርና ስለ አንጥረኛው ድካም

በቅዱስ መሠዊያ ላይ ከሚያገለግሉት ንዋያተ ቅድሳት ሁሉ ጽዋና ጻሕል ይበልጣሉ፤ ለጌታችን ሥጋና ደም ማረፊያ የሚሆኑ እነሱ ናቸውና። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ የእጅ ሥራን ሁሉ ምርጥ ለእነሱ ስትሰጥ ኖራለች። ብዙ ሰው ግን የጽዋውን ክብር በወርቁ ብዛት ይመዝነዋል፤ ታሪክ የሚያስተምረው ሌላ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የነበሩ መምህራን የንዋያቱን ምሥጢር ሲተረጕሙ፥ ጽዋውን በጌታችን መቃብር፥ ጻሕሉንም መቃብሩን በዘጋው ድንጋይ መሰሉት። መቃብሩ የከበረው ከዐለት ስለ ተወቀረ አይደለም፤ በውስጡ ስላረፈው ጌታ ነው እንጂ። የጽዋም ነገር እንዲሁ ነው። የላቲን ሥርዓትም ይህንኑ ይከተላል፤ ይኸውም ጽዋው ከሚዝግ ወይም ከወርቅ ከሚያንስ ማዕድን የተሠራ እንደ ሆነ ውስጡ በወርቅ እንዲለበጥ ያዝዛል፤ እግሩ ግን ከሌላ ጠንካራና ተገቢ ነገር ቢሠራ ይፈቅዳል። ወርቁ የሚፈለገው ለተመልካች ዓይን ሳይሆን ቅዱስ ደሙ በሚያርፍበት ስፍራ ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን በአየርላንድ አገር የተገኘው የአርዳ ጽዋ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ይህ ጽዋ ብዙ ዘመን በመሬት ውስጥ ተቀብሮ ኖረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1868 ዓመተ ምሕረት፥ በሊመሪክ አውራጃ በአርዳ መንደር አጠገብ ድንች ሲቈፍሩ የነበሩ ልጆች አገኙት። ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ከ350 በሚበልጡ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። አንጥረኛው ብሩን ቀጥቅጦ ገላውን ካወጣ በኋላ፥ የወርቅ ሽቦ እንደ ፈትል አቅጥኖ በዙሪያው አስጌጠበት፤ ባለ ቀለም መስተዋትም እንደ ፈርጥ አደረገበት። ከወርቁ መቀነት በታች የሐዋርያትን ስም በላቲን ፊደል ቀረጸ። ጽዋው ለሕዝቡ ቅዱስ ደሙ የሚታደልበት ስለ ነበረ፥ በሁለት እጅ የሚያዝበት ሁለት ጆሮ አበጀለት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ከእግሩ ሥር ያለው ሥራ ነው። በዚያ እንደ መስተዋት የጠራ ድንጋይ አግብቶ፥ በዙሪያው እጅግ የረቀቀ ጌጥ ሠራ። ጽዋው በመሠዊያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ይህን ማንም አያየውም፤ የሚታየው ከፍ ብሎ ሲነሣ ወይም ዘንበል ሲል ብቻ ነው። አንጥረኛውም በጽዋው ላይ የሐዋርያትን ስም ጻፈ እንጂ የራሱን ስም አልጻፈም።

ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል ድካም የሚፈስስበትን ዕቃ ከሰው ነፍስ አብልጣ አላየችውም። ከአርዳ ጽዋ አራት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በ378 ዓመተ ምሕረት፥ የሮም ሠራዊት በአድርያኖፕል በጎታውያን ድል ሆነ፤ ብዙ ሰዎችም ተማረኩ። ያን ጊዜ የሚላኖ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ ንዋያተ ቅድሳቱን አስቀልጦ ምርኮኞችን ዋጀ። ባላጋራዎቹ በነቀፉትም ጊዜ፥ ወርቅን ከማዳን ይልቅ ነፍሳትን ማዳን እንደሚበልጥ መለሰላቸው። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም የቱሉዝ ጳጳስ ቅዱስ ኤክሱፔርዮስ ሀብቱን ሁሉ ለድሆች ሰጥቶ፥ የጌታን ሥጋ በቅርጫት፥ ደሙንም በብርጭቆ ይይዝ እንደ ነበረ ቅዱስ ሄሮኒሞስ መስክሮለታል።

አንጥረኛውና ጳጳሳቱ በሥራቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ልባቸው አንድ ነው። አንጥረኛው ወርቁን ጽዋ አደረገው፤ አምብሮስዮስ ጽዋውን የምርኮኛ ቤዛ አደረገው፤ ከእነሱም አንዱ ስንኳ ለራሱ ያስቀረው የለም። እንግዲህ ኢዮቤልዩውን የሚያከብር ቁምስና ንዋያቱን በንጽሕና መጠበቅ ይገባዋል፤ በደጁ የቆመውንም ችግረኛ አይርሳ። ለብዙዎች የፈሰሰውን ደም የሚይዝ ጽዋ፥ ለብዙዎች የሚራራ ሕዝብ ይሻልና።