ደመወዝና የቤት ኪራይ በአዲስ አበባ፤ 1966–1967 ዓ.ም.

በማሠልጠኛ ተቋማችን የምደባ ጊዜ ሲቃረብ ከእጩ መምህራን ብዙዎቹ አዲስ አበባን ይመኛሉ። «ደመወዙ ስንት ነው?» ይሉናል፤ «ኪራዩስ?» ብለው የሚጠይቁን ግን ጥቂቶች ናቸው። ታሪክ ሁለቱን ለያይተን እንዳንመለከት ያስተምረናል።

በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ በመናሩ በአገራችንም ቤንዚን ተወደደ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም የደመወዝ ጭማሪ በመጠየቅና የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን በመቃወም አድማ መቱ። የኑሮ ውድነት የደመወዝን ጥያቄ ወደ አደባባይ አወጣው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር እስከ 300 ብር የነበረው ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የ40 ብር ኪራይ በግማሽ ቢቀነስ በዓመት 240 ብር ይተርፋል። ደመወዝ ሳይጨመር ኑሮ ይቃለላል ማለት ነው።

ሆኖም ዋናውን ጥቅም ያገኘው አስቀድሞ ቤት የያዘው ተከራይ ነበር። ግለሰብ ቤት ሠርቶ እንዳያከራይ ስለተከለከለ፣ ዘግይቶ ለመጣው ሠራተኛ የኪራዩ ርካሽነት ብቻውን አልበቃውም፤ የሚለቀቅ ቤት ማግኘት ነበረበት።

ስለዚህ ለእጩዎቻችን እንዲህ እንላለን፤ ከተማ ስትመርጡ አስቀድማችሁ ከደመወዙ ኪራዩን ቀንሱ፤ ቀጥላችሁም ቤቱ በእርግጥ መገኘቱን ጠይቁ። የታሪክ መምህራንም ተማሪዎቻቸው የዚያን ዘመን ደመወዝና ኪራይ ከአያቶቻቸው ጠይቀው ከዛሬው ጋር እንዲያነጻጽሩ ቢያደርጉ መልካም ነው።