ከውኃ ጠብታ የሚገኝ ኤሌክትሪክ፤ ታሪኩና ለሳይንስ ትምህርት ያለው ፋይዳ

ከከፍታ የሚወርድ ውኃ ኤሌክትሪክ ይሰጣል ሲባል በተማሪ አእምሮ የሚቀረጸው ግድብ፣ ቧንቧና ተርባይን ነው። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት ከወራጅ ውኃ ኤሌክትሪክ የተገኘባቸው መንገዶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የውኃው ግፊት መዘውር እንዲያዞር የሚያደርግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምንም ተሽከርካሪ አካል ሳያስፈልገው ከጠብታዎቹ ከራሳቸው ኤሌክትሪካዊ ሙል የሚሰበስብ ነው። የመጀመሪያው ከተሞችን ሲያበራ ሁለተኛው በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ይህ የሆነበትን ምክንያት መረዳት ለፊዚክስ መምህርም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ አውጪ የሚጠቅም ቁም ነገር አለው።

የሁለቱን መንገዶች ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ መመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1840 በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል አካባቢ በሚገኝ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከማሽን የሚያፈተልከውን እንፋሎት የነካ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ተነዘረ። ጉዳዩን የመረመረው ዊልያም አርምስትሮንግ ከእንፋሎት ብርቱ ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ማይክል ፋራዴይም በ1843 የሙሉ ምንጭ እንፋሎቱ ሳይሆን ከእርሱ ጋር የሚወጡት ደቃቅ የውኃ ጠብታዎች ከመውጫው ጋር የሚያደርጉት ፍትጊያ መሆኑን አስረዳ። ይኸው አርምስትሮንግ በ1878 ክራግሳይድ በተባለው መኖሪያው፣ ከሐይቅ የሚወርድ ውኃ ዳይናሞ እንዲያዞር በማድረግ መብራት አበራ። ቤትን ለማብራት በተነሣ ጊዜ የመረጠው ጠብታውን ሳይሆን መዘውሩን ነበር።

የጠብታውን መንገድ ከሁሉ በላይ ግልጽ ያደረገው ግን በኋላ ሎርድ ኬልቪን ተብሎ የታወቀው ዊልያም ቶምሰን ነው። ቶምሰን በ1846 ገና በ22 ዓመቱ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አስተምሯል። የከባቢ አየርን ኤሌክትሪክ ለመለካት ውኃ የሚያንጠባጥብ መሣሪያ ሠርቶ ስለ ነበር፣ መሣሪያው በ1860ዎቹ መጀመሪያ በለንደን አጠገብ በሚገኘው በኪው የምርምር ጣቢያ አገልግሎት ላይ ውሏል። በ1867 ደግሞ ጠብታን መለኪያ ከማድረግ አልፎ የሙል ማመንጫ ያደረገበትን አዲስ መሣሪያ ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ አቀረበ።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። ከአንድ የውኃ መያዣ ሁለት ቀጫጭን ፍሰቶች ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ፍሰት በብረት ቀለበት መካከል ቀለበቱን ሳይነካ ሲያልፍ ወደ ጠብታነት ይበጣጠስና ከሥር ወደ ተቀመጠ ጣሳ ይገባል። የግራው ጣሳ በሽቦ ከቀኙ ቀለበት ጋር፣ የቀኙ ጣሳም ከግራው ቀለበት ጋር ይያያዛል። ከቀለበቶቹ አንዱ፣ ለምሳሌ የቀኙ፣ በአጋጣሚ ጥቂት አሉታዊ ሙል ቢኖረው በውስጡ በሚያልፈው ውኃ ላይ አዎንታዊ ሙል ይስባል። ጠብታው ያንን ይዞ ወደ ቀኙ ጣሳ ይወርዳል። ይህ ጣሳ ከግራው ቀለበት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ቀለበቱ አዎንታዊ ይሆናል፤ ስለዚህ በግራ በኩል የሚወርዱት ጠብታዎች አሉታዊ ሙል ይሸከማሉ። እነርሱም በተራቸው የቀኙን ቀለበት አሉታዊነት ያጠናክራሉ። በዚህ ዓይነት ኢምንት የነበረው ልዩነት በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሺህ ወደሚቆጠር ቮልት ያድግና ብልጭታ ይወጣል።

ለዚህ ሥራ ኢነርጂውን የሚሰጠው የጠብታው መውደቅ ነው። ሙል የያዘው ጠብታ ተመሳሳይ ሙል ወዳለው ጣሳ ሲቃረብ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ክብደቱ ግን ይህን ግፊት አሸንፎ ያወርደዋል። የሙሉ መጠን ሲበዛ ጠብታዎቹ ከጣሳው እየሸሹ ወደ ውጭ ይበተናሉ፤ ዕድገቱም እዚህ ላይ ይገታል። ቮልቴጁ ከፍተኛ ቢሆንም የሚፈሰው ከረንት እጅግ አነስተኛ ነው። የሚበዛው የውድቀቱ ኢነርጂም ጠብታው ጣሳው ውስጥ ሲያርፍ በከንቱ ይባክናል። መዘውሩ ጠብታውን የበለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርምሩ ግን አልቆመም። ፊሊፕ ሌናርድ በ1892 ከፏፏቴ ሥር ያለው አየር ሙል የሚያገኘው ጠብታዎች ሲከሰከሱ መሆኑን የሚገልጽ ጥናት አሳተመ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ2020፣ በሆንግ ኮንግ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን ሙል ይዞ በሚቆይ የቴፍሎን ዓይነት ንጣፍ ላይ ከ15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አንዲት 0.1 ሚሊ ሊትር ጠብታ በመጣል ከ140 ቮልት በላይ ማግኘቱንና 100 ትንንሽ ኤል.ኢ.ዲ. መብራቶችን ማብራቱን አስታወቀ። በ2025 ደግሞ የሲንጋፖር ተመራማሪዎች በ32 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ቱቦ ውስጥ ውኃና አየር እየተፈራረቁ እንዲወርዱ በማድረግ ከውኃው ኢነርጂ ከ10 በመቶ በላይ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጣቸውን ገለጹ።

እንዲህ ያለው ዜና ወደ ክፍል በሚደርስበት ጊዜ የመምህሩ ኃላፊነት ይጀምራል። «አንዲት ጠብታ መቶ መብራት አበራች» የሚለው አነጋገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑ የቅጽበት ነው። ሒሳቡን ተማሪዎች ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። 0.1 ግራም ውኃ ከ15 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው ኢነርጂ 0.00015 ጁል ያህል ብቻ ነው። አንድ የ5 ዋት አምፑል ለአንድ ሰዓት ለማብራት 18,000 ጁል ያስፈልጋል። ስለዚህ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ ከ120 ሚሊዮን በላይ ጠብታዎች፣ ማለትም ከ12,000 ሊትር በላይ ውኃ ከዚያ ከፍታ መውረድ ይኖርበታል። ይህን ያሰላ ተማሪ ቮልት ከጁል፣ የቅጽበት ኃይልም ከዘላቂ አገልግሎት የተለየ መሆኑን አይረሳም።

የዕቅድ አውጪውም ትምህርት ከዚህ የራቀ አይደለም። የጠብታ መሣሪያ ለትምህርት ቤት የመብራት አቅርቦት መፍትሔ ተደርጎ ከተወሰደ ተስፋን ከማጨለም በስተቀር የሚያስገኘው ውጤት የለም። ለሳይንስ ትምህርት ከታሰበ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የቶምሰን መሣሪያ አራት ባዶ ጣሳዎች፣ ጥቂት ሽቦ፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ ዕቃና ጣሳዎቹን ከጠረጴዛው የሚለይ ደረቅ ፕላስቲክ ወይም ሰም እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አይፈልግም። ሁለቱ ጣሳዎች ክዳናቸውና ታችኛው ክፍላቸው ከተቆረጠ በቀለበት ፈንታ ያገለግላሉ። ከቴስተር ውስጥ የምትወጣ ትንሽ የኒዮን አምፑል በሁለቱ መቀበያ ጣሳዎች መካከል ብትገባ ብልጭ እያለች ሙሉን ታሳያለች። እርጥበት ሙልን ስለሚያባክን ሙከራው ከክረምቱ ይልቅ በደረቁ የበጋ ወራት ቢሠራ የተሻለ ይሳካል። ባልተሳካም ጊዜ ሙሉ በየት በኩል እንዳመለጠ መፈለግ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው።

ቤተ ሙከራ በሌለበት ክፍል የኤሌክትሪክ ሙል ብዙ ጊዜ በቃል የሚጠና ትርጓሜ ሆኖ ይቀራል። ጠብታው ከተማ አላበራም፤ ወደፊትም ያበራል ብሎ ቃል መግባት አይገባም። ይሁን እንጂ የማይታየውን ሙል በጥቂት ጣሳና በአንድ ማሰሮ ውኃ ለተማሪው ዓይን ያሳያል። መሣሪያው መመዘን ያለበትም በሚሰጠው የዋት መጠን ሳይሆን በዚሁ አገልግሎቱ ነው።