ዕድሜው በዓይን የተገመተ ወታደር

የ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ በወረቀት ላይ ሲነበብ ነውር የለበትም። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ኢትዮጵያዊ ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ተመልሶ ተጠባባቂ ይሆናል። የማኅበራችን ታላላቆች ግን ያንን ዘመን ሲያነሡ «አዋጅ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። የሚሉት «አፈሳ» ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት ያሳስበኛል። ከላይ ቁጥር ሲታዘዝ ከታች ያለው ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚሞላው አውቃለሁ። ቀበሌዎች በየዙሩ ይህን ያህል ወጣት አቅርቡ ይባሉ ነበር። የተጠራው ቢደበቅም ኮታው አይቀንስም። ስለዚህ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ የተያዘው ልጅ መኪና ላይ ይጫናል።

ዕድሜውን ማን ያውቃል? ያኔ አብዛኛው ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እንኳ ገና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ዕድሜ በዓይን ተገመተ፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ የጎረነነ ልጅ 18 ሞላው። እናት የክርስትና ካርድ ይዛ እስክትደርስ ልጁ ከከተማ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። (የልጆቻችሁን ልደት ለፓስፖርትና ለትምህርት ቤት ብቻ ብላችሁ የምታስመዘግቡ እህቶች፣ ይህንንም አስቡት።)

ከኮተቤ የሚመጡ አንዲት አባላችን፣ የ16 ዓመት ወንድማቸውን ቤተሰቡ ለሳምንታት ኮርኒስ ውስጥ እንደደበቀው ነግረውኛል። ቀን እዚያ ይተኛል፣ ማታ ወርዶ ይበላል። እናታቸው ደግሞ በዚያው ሰሞን ከቀበሌው ሴቶች ጋር ተሰብስበው ለሠራዊቱ በሶና ዳቦ ቆሎ ያዘጋጁ ነበር። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ፣ ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ተደራጅቶ ስለነበር ከስንቅ ዝግጅት መቅረት ቤትን ያስጠረጥራል። ለሠራዊቱ ስንቅ የሚቋጥረው እጅ ልጁን ከሠራዊቱ ይደብቃል ማለት ነው። ስለ ሴቶች ማኅበራት ታሪክ ስናወራ አኢሴማን ዘለን የምናልፈው ልክ አይመስለኝም፤ ስሙ የሴቶች ነበር፣ ትእዛዙ ግን ከሌላ ይመጣ ነበር።

የተያዘው ልጅ እንደ ጦላይ፣ ሁርሶና ብላቴ ወዳሉ ማሠልጠኛዎች ይወሰዳል። ከመሣሪያው ጎን ለጎን የፖለቲካ ትምህርት አለ። በሠራዊቱ ውስጥ ከአዛዡ ሌላ ኮሚሳርና የወታደራዊ ደህንነት ሰው ስለነበሩ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው ትምህርቱ መግባቱን ይከታተላል። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሦስት ጠላቶችን ቆጥሮ ነበር፤ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም። ልጁ በዓይኑ ያየው ጠላት ግን ከመንገድ ያፈሰውን ሰው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ትምህርቱ ያልያዘው እዚህ ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ስትወርረን ታጠቅ ጦር ሰፈር ከገባው ሚሊሽያ ብዙው አገሩ መወረሯን ለማወቅ ካድሬ አላስፈለገውም። የ1970ዎቹ መጨረሻው ልጅ ግን መጀመሪያ ተያዘ፣ ምክንያቱ በኋላ ተነገረው። መፈክሩን ጮክ ብሎ መመለስን ይማራል፤ እሱም የደህንነቱን ሰው ለማለፍ ይጠቅማል።

ከዚያ ትምህርቱ ራሱ ተለወጠ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መጀመሪያ ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በዚያው ወር በ26 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፣ የኢሠፓም ስም እንዲለወጥ ተወሰነ። አስተማሪዎቹ ሶሻሊዝሙን ሲተዉት፣ በስሙ የዘመተው ልጅ ገና ምሽግ ውስጥ ነበር።

የተማረከው ደግሞ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ጠበቀው። ሻዕቢያም ሆነ ሕወሓት የራሳቸው ካድሬዎች፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ተዋጊዎችም ነበሯቸው። ምርኮኛውም ቁጭ ብሎ ተማረ፤ አሁን ጠላቱ ትናንት ያሰለፈው ደርግ ነው። ኦሕዴድ በ1982 ዓ.ም. ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ እንዲህ የተማረኩ የደርግ ወታደሮች ነበሩ። ከአንዱ ካድሬ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ ማን ጠየቀው?

በ1983 ዓ.ም. ተራው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆነ። ትምህርት ተቋርጦ ብላቴ ገቡ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለችው በዚያው ዓመት ግንቦት 6 ቀን ነው። ስምምነቱ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይመለመል ይከለክላል፤ ኮርኒስ ውስጥ የነበረውን የ16 ዓመት ልጅ እንኳ አያድነውም ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 13፣ ኮሎኔሉ ከአገር ወጡ። ብላቴ የነበሩት ተማሪዎች ያለ አዛዥ ቀሩ፤ ብዙዎቹም ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንያ ድንበር አቀኑ።