ከካርቱም እስከ እንጦጦ፦ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ቴሌስኮፕ እንዴት ይጋራሉ?

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ፌብሯሪ 25 ቀን 1952 ጨረቃ በካርቱም ሰማይ ላይ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ጋረደቻት። ጨለማው የቆየው ከሦስት ደቂቃ ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ፣ ዕድሜያቸው 72 የደረሰው ጆርጅ ቫን ቢስብሩክ የተባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በግርዶሹ ዙሪያ የታዩትን ከዋክብት ፎቶግራፍ አነሱ። ከስድስት ወር ግድም በኋላም እነዚያኑ ከዋክብት በሌሊት ሰማይ ላይ ደግመው አነሷቸው። ሁለቱን ፎቶግራፎች ሲያነጻጽሩ በፀሐይ አጠገብ ያለፈው የከዋክብት ብርሃን በ1.70 አርክሰከንድ ያህል መታጠፉን ለኩ። የአልበርት አንስታይን ንድፈ ሐሳብ የሚተነብየው 1.75 ነው። አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል መሆኑን ላሰበ ሰው፣ በካርቱም ሙቀትና አቧራ መካከል የተገኘው ይህ ውጤት ቀላል አይደለም።

ቫን ቢስብሩክ የመጡት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ከነበረው የየርክስ ኦብዘርቫቶሪ ነው። በዚያ ዘመን ቺካጎ ሌላ ትልቅ ቴሌስኮፕም ያንቀሳቅስ ነበር፤ ባለቤቱ ግን እርሱ አልነበረም።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1926 ከሞቱ ዊልያም ማክዶናልድ ከተባሉ የቴክሳስ የባንክ ባለሀብት ነው። ሰውየው ኦብዘርቫቶሪ እንዲሠራበት ሀብታቸውን ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተናዘዙ። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አገኘ፤ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ግን አልነበረውም። ቺካጎ በአንጻሩ ባለሙያዎች ነበሩት፤ ያጣው አዲስ ቴሌስኮፕና ጥርት ያለ ሰማይ ነው። በ1932 ሁለቱ ለ30 ዓመታት የሚጸና ስምምነት ተፈራረሙ። ቴክሳስ ቴሌስኮፑንና ሕንፃውን አቀረበ፤ ቺካጎ ደግሞ ዳይሬክተሩንና ተመራማሪዎቹን። በ1939 የተመረቀው ባለ 2.08 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ በወቅቱ በዓለም በትልቅነቱ ሁለተኛ ነበር። ጄራርድ ካይፐር የሳተርን ጨረቃ የሆነችው ታይታን ከባቢ አየር እንዳላት በ1944 ያረጋገጡት በዚሁ መሣሪያ ነው። የውሉ ዘመን ሲያበቃ ቴክሳስ የራሱን የሥነ ፈለክ ትምህርት ክፍል አደራጅቶ ኦብዘርቫቶሪውን ተረከበ።

ዛሬ የተለመደው አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የተጋሪዎቹ ቁጥር ግን በዝቷል። በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ የሚገኘውና በ2005 የተመረቀው ‘ሳልት’ የተሰኘው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ከአገሪቱ ሌላ የአሜሪካ፣ የፖላንድ፣ የሕንድና የሌሎች አገራት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ተካፍለውበታል። የሚከፋፈሉት ሌሊቱን ነው። እያንዳንዱ አባል ባዋጣው መጠን የምልከታ ሰዓት ይደርሰዋል። መዋጮው ሁልጊዜ ጥሬ ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ የከዋክብትን ብርሃን የሚተነትን መሣሪያ ሠርቶ አስረክቧል። ተመራማሪው ወደ ስፍራው መጓዝም አይጠበቅበትም። ጥያቄውን ይልካል፤ በቦታው ያሉ ባለሙያዎች እንደ ሰማዩ ሁኔታ ተራውን ጠብቀው ያነሱለታል፤ መረጃው በኢንተርኔት ይደርሰዋል።

ክርክር የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በትንንሽ በሚመስሉ ጉዳዮች ነው። ደመና የበላው ሌሊት ከማን ድርሻ ይቀነስ? በየጊዜው በአልሙኒየም መለበጥ ያለበትን መስታወት ወጪ ማን ይሸፍን? ቴሌስኮፕ መግዛት ሪባን ተቆርጦ የሚያልቅ ነገር ነው። ማንቀሳቀሱ ግን በየዓመቱ በጀት ይጠይቃል፤ ብዙ የጋራ ውሎችም የሚፈተኑት እዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ይህን መንገድ የተከተለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል ነው። ከ30 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በጋራ ያቋቋሙት ማዕከል በ2015 ሲመረቅ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ነበሩት። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀውን ግንባታ በገንዘብ የደገፉት ባለሀብቱ ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን መሣሪያ በርካቶች ሲካፈሉት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ስፍራ ተገኘ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሆኖም ከሥሩ የተዘረጋው የአዲስ አበባ መብራትና የክረምቱ ደመና ሰማዩን ይጋርዱታል፤ በላሊበላ አካባቢ 4,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሌላ ጣቢያ የማቋቋም ሐሳብ የመጣውም ለዚህ ነው።

ካርቱም ከፍታ የላትም። በአንጻሩ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ታያለች። በ2008 የሱዳን ሰማይ እንደገና የዓለም ተመራማሪዎችን ዓይን ሳበ። ኦክቶበር 6 በአሜሪካ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሰማይ ቅኝት ቴሌስኮፕ ወደ ምድር የሚገሰግስ አንድ አስትሮይድ አገኘ። ‘2008 ቲሲ3’ የተሰኘው ይህ ዐለት አራት ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ከምድር ጋር ከመጋጨቱ በፊት በሕዋ ላይ ሳለ የታየ የመጀመሪያው አካል እርሱ ነው። በቀሩት 19 ሰዓታት ውስጥ በተለያዩ አገራት ያሉ ኦብዘርቫቶሪዎች ተቀባብለው ተከታተሉት፤ ስሌቱም የሚወድቅበት ስፍራ የሰሜን ሱዳን በረሃ መሆኑን አመለከተ። በማግስቱ በአካባቢው አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ከባቢ አየር ውስጥ ገብቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳ።

የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ድርሻ የመጣው ከቴሌስኮፕ ሳይሆን ከእግር ጉዞ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ሙአዊያ ሻዳድ በአሜሪካው ‘ሴቲ’ ተቋም ከሚሠሩት ፒተር ጄኒስከንስ ጋር በመተባበር በዲሴምበር 45 ተማሪዎችንና ሠራተኞችን ይዘው ወደ ኑቢያ በረሃ ወጡ። ጎን ለጎን ተሰልፈው አሸዋውን እያሰሱ ተጓዙ። በመጀመሪያው ፍለጋ 15 ጥቋቁር ስብርባሪዎች ተገኙ፤ በኋላ በተካሄዱት ፍለጋዎች ቁጥሩ ወደ 600 ደረሰ። ስያሜያቸው ‘አልማሃታ ሲታ’ ሲሆን በዐረብኛ ‘ጣቢያ ስድስት’ ማለት ነው፤ ከዋዲ ሃልፋ በሚነሣው የባቡር መስመር ላይ ካለች ጣቢያ የተወሰደ ነው። የግኝቱ ጽሑፍ በ2009 ‘ኔቸር’ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ሲወጣ የሱዳንና የውጭ ተመራማሪዎች ስም በአንድነት ሰፍሯል። ከአፍሪካ በረሃዎች የሚሰበሰቡ ሚቲዮራይቶች አብዛኛውን ጊዜ በነጋዴ እጅ ከአገር የሚወጡ በመሆናቸው ይህ ያልተለመደ ነበር።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ ዩኒቨርሲቲው በውጊያው መሃል ወደቀ። ግቢው ከጦሩ ዋና መምሪያ ብዙ አይርቅም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተማሪዎች መውጫ አጥተው በውስጡ ከርመዋል። ጦሩ የከተማዋን ማዕከል መልሶ የያዘው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በማርች 2025 ነው። በእነዚህ ዓመታት የከተማዋ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ሌሎች ግዛቶችና ወደ ጎረቤት አገራት ተበትነዋል።

ከአልማሃታ ሲታ ስብርባሪዎች የተወሰኑት ለምርመራ በውጭ አገራት ቤተ ሙከራዎች ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ስለ እነርሱ ሲጽፉም ‘የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ስብስብ’ ብለው ይመዘግቧቸዋል።