ጣታችንን ያስተማሩ እጆች፤ ስለ ጊታርና ስለ ደቡብ ቆላ

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የደራሲውን ስም ከሽፋኑ ላይ ያገኛል። ጊታር የሚማር ሰው ግን ጣቱን ያስተማረው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። በአገራችን በወጡት ሸክላዎችና ካሴቶች ላይ የዘፋኙ ስምና መልክ በጉልህ ሲታይ፣ አውታሩን የመታው ሰው ብዙ ጊዜ በባንዱ ስም ሥር ተሸፍኖ ቀርቷል። ስለዚህም የጊታርን ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ከመዝገብ ይልቅ ከጆሮው መጀመር ግድ ይሆንበታል። እኔም በመምህርነት ሥራ በነጌሌ ቦረና በቆየሁባቸው ዓመታት ጊታርን የተማርሁት ካሴት እያዳመጥሁ ስለ ነበር፣ የእጄን ባለውለታዎች ከዚህ እንደሚከተለው እገልጻለሁ።

የመጀመሪያው ዓሊ ቢራ ነው። ዓሊ መሐመድ ሙሳ በ1939 ዓ.ም. በድሬዳዋ ተወለደ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ገና ልጅ ሳለ፣ አፍረን ቀሎ ከተባለው የኪነት ማኅበር ገባ። ‹ቢራ› የተባለውም በዚያ በዘፈነው በመጀመሪያው ዘፈኑ ሲሆን፣ ቃሉ በኦሮምኛ ክረምቱ ሲወጣ የሚገባውን የብራ ወራት ያመለክታል። ማኅበሩ በጊዜው መንግሥት ከታገደ በኋላ ዓሊ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል አገልግሏል። ዑድንም ጊታርንም ይጫወት ነበር፤ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ዘፍኗል፤ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐረፈ። እንደሚታወቀው ዑድ በአንገቱ ላይ እንደ ጊታር ድምፅን የሚከፋፍል ብረት የለውም። ስለዚህ ዑድ የለመደ እጅ ጊታር ሲይዝ አውታሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ከመምታት ይልቅ ዜማውን ድምፅ በድምፅ መከተል ይቀናዋል። እኔም ከዓሊ የተማርሁት ጊታር ዘፋኙን እየተከተለ እንዲናገር እንጂ በዘፋኙ ላይ እንዳይጮህ ነው።

ሁለተኛው ሰላም ሥዩም ነው። ሰላም በመጀመሪያ በአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ጊታር ተጫውቷል። አይቤክስ በ1967 ዓ.ም. ገደማ ማሕሙድ አሕመድን በ‹ኧረ መላ መላ› ያጀበው ባንድ ነው። የጊታር አንገት በአንድ አውታር ላይ አሥራ ሁለት ድምፆችን ያቀርባል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን ግን በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ጀማሪ ተጫዋች አሥራ ሁለቱንም ለመንካት ይቸኩላል። ሰባቱን መተው ራሱ ሙያ መሆኑን የተረዳሁት የሰላምን አጨዋወት ደጋግሜ በመስማት ነው።

ሦስተኛው ባለውለታዬ የውጭ አገር ሰው ነው። የካታንጋው ዣን ቦስኮ ምዌንዳ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952፣ ሂዩ ትሬሲ በተባለው የአፍሪካ ሙዚቃ ሰብሳቢ አማካይነት ‹ማሳንጋ› የተባለውን ሥራውን አስቀረጸ። አውታሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ብቻ እየነካ፣ የሚሰማው ሰው ሁለት ተጫዋቾች ያሉ እስኪመስለው ድረስ ይጫወት ነበር። በ1959 ናይሮቢ ከሄደ ወዲህ በኬንያ ጊታረኞች ዘንድ እጅግ ታውቋል። እኔ ዘንድ የደረሰው ግን በሞያሌ መንገድ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በሰጠኝ ካሴት ነው። በካሴቱ ላይ ስም አልተጻፈበትም ነበርና የማን እጅ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እነዚህን ሦስት እጆች በጣቴ ይዤ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ዱብሉቅ ወረድሁ። በዚያ ምድር ውሃ የኑሮ ሁሉ መሠረት ነው፤ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የነጌሌን ወታደሮች ለዐመፅ ያነሣሣቸው የምግብና የውሃ ችግር እንደ ነበረም ታሪክ ያስታውሰናል። ቱላ በተባሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ውስጥ ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ይቆሙና፣ በዜማ እየተቀባበሉ የውሃውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ። ዜማው ከተዛባ መቅጃው ከእጅ ያመልጣል፤ ከብቱም ገንዳው ዳር ቆሞ ይጠማል። የውሃውን ተራ የሚያስከብሩት አባ ሄሬጋ ጊታሬን አይተው እንድጫወት ፈቀዱልኝ። የቻልሁትን ሁሉ አሳየሁ። ሽማግሌው በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጣትህ ፈጠነ፤ ውሃው ገና ከታች ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሰዎቹን ትንፋሽ እያዳመጥሁ፣ መቅጃው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እስኪደርስ ድረስ ድምፅን ማቆየት ተማርሁ። ጨዋታዬ የራሴ መሆን የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥለውም፣ «ይህን ማን አስተማረህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሦስቱን ስም ለመጥራት እንኳ አልበቃሁም፤ በየካሴቱ የሰማኋቸው የቀሩት ተጫዋቾች ማን እንደ ሆኑ አላውቅም ነበርና ዝም አልሁ። በቦረና ሥርዐት ጉድጓድን መጀመሪያ የቆፈረ ሰው መብቱ በዘሩ ይጠበቃል፤ ይህን መብት የያዘውም አባ ኮንፊ ይባላል። ውሃውን የሚጠጣ ሁሉ የማን ቁፋሮ እንደ ሆነ ያውቃል። እኔ ግን ከብዙ ጉድጓድ ጠጥቼ የቆፋሪዎቹን ስም አልጠየቅሁም ነበር። ያ እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። በያሉበት የሚገኙ መምህራንና ተማሪዎች በከተማቸው በሠርግና በበዓል ጊታር ሲመቱ የኖሩትን ሽማግሌዎች ፈልገው፣ ከማን እንደ ተማሩ ጠይቀው ቢጽፉ፣ ለነገው ታሪክ ጸሐፊ ታላቅ ቅርስ ባቆዩለት ነበር። ሥራውም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ መደረግ አለበት።